በሰው ሀገር ለሚማር ልጅ ምን ብለን እንጻፍለት?



በየካ ክፍለ ከተማ፣ በሲግናልና በአካባቢው ለሚኖር ሰው «ውጭ ሀገር» የሚባለው ነገር በጣም ሩቅ አይመስለውም። የእንግሊዝ፣ የሩሲያ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ኤምባሲዎች ሰፋፊ ግቢዎች በዚሁ በሰሜን ምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ ይገኛሉ። የሰፈሩ ልጆች የእነዚህን ግቢዎች አጥር እያዩ ያድጋሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ዛሬ ነጻ የትምህርት ዕድል እያገኙ ወደ ኢጣሊያ፣ ወደ ሀንጋሪ፣ ወደ ቱርክ፣ ወደ ቻይናና ወደ ሕንድ ይሄዳሉ።

ዕድሉ ሲገኝ ቤቱ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሽሮው ይፈጫል፣ በርበሬው ይዘጋጃል፣ ዳቦ ቆሎው ይጠበሳል፤ ሻንጣው በሚዛን ላይ እየወጣ ይወርዳል። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ካህንም ለጸሎት ይጠራል። እኔም በዚህ መልክ የተጠራሁባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። በእነዚህ ቤቶች የታዘብኩት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ስለ ሻንጣው ብዙ ይነገራል እንጂ ልጁ ወይም ልጅቱ እዚያ ስለሚጠብቃቸው የዕለት ኑሮ የሚነገር ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከሄዱ በኋላም በስልክ የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች እውነቱን ለመናገር የሚያስችሉ አይደሉም። ይህ ጥናት ስለ ሁለቱም ጉዳይ የቀረበ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዕለት ኑሮ እንቅፋቶች

ወደ ባዕድ ሀገር የሚሄድ ተማሪ ትልቁ ፈተና ትምህርቱ ይሆናል ብሎ ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ ግን የሚያደክመው በትምህርቱ ዙሪያ ያለው ኑሮ ነው። እዚህ ሳያስብ ያደርገው የነበረውን ሁሉ እዚያ እያሰበ ማድረግ ይኖርበታል።

ከስሙ እንጀምር። በእኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባቱ ስም የሚከተለው ከሌላው እንዲለይ ነው። በብዙ የውጭ ሀገሮች ግን ሁለተኛው ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ስለሚወሰድ ተማሪው በአባቱ ስም ይጠራል። ለትምህርት ሮም በደረስኩበት ሳምንት መምህሩ የአባቴን ስም ከፍ አድርገው ሲጠሩ፣ ከክፍሉ ውስጥ አባቴን የሚያውቅ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር ዞር ብዬ ነበር። ለሴት ተማሪ ደግሞ በወንድ ስም መጠራቱ ይታከልበታል። ነገሩ የሚያስቅ ቢሆንም የሚያስከትለው የጽሕፈት ቤት ጣጣ ግን አያስቅም። በፓስፖርት፣ በልደት ምስክር ወረቀትና በትምህርት ማስረጃ ላይ ስሙ በላቲን ፊደል በአንድ ዓይነት መንገድ ካልተጻፈ፣ አንዲት ፊደል ለሳምንታት ታመላልሳለች። የልደት ቀንም ከእኛ አቆጣጠር ወደ እነርሱ ሲመለስ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ ከመሄድ በፊት ማስተካከል ይቻላል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ስለሆነ የእኛ ሦስት ሰዓት በእነርሱ ዘጠኝ ነው። ተማሪው ስድስት ሰዓት መቀነስና መደመሩን ቶሎ ይለምዳል። ቶሎ የማይለምደው በቀጠሮ ላይ አሥር ደቂቃ መዘግየት እንደ ንቀት መቆጠሩን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልቡን የሚነካው የማዕድ ጉዳይ ነው። በእኛ ቤት እንግዳ «ብላ» ሲባል ወዲያው እጁን አይሰድም። «ጠግቤአለሁ» ይላል። ባለቤቱም ይህን እንደ እምቢታ አይቀበለውም፤ «አፈር ስሆን!» እያለ ይለምነዋል፤ እንግዳውም በሦስተኛው ልመና ይቀርባል። ይህ ሁሉ በይሉኝታ የታጠረ የመከባበር ሥርዓት ነው። አሁን ይህን የለመደ ወጣት በኤውሮፓ በአንድ ደግ ቤተሰብ ቤት ተጋብዞ እንደ ተቀመጠ አስቡ። አስተናጋጂቱ «ትጨምራለህ?» ትለዋለች፤ እርሱም እንደ አስተዳደጉ «አይ፣ በቃኝ» ይላል። ሳህኑ ይነሳል። ልጁ ተርቦ ወደ ማደሪያው ይመለስና «እነዚህ ሰዎች ንፉጎች ናቸው» ይላል። አስተናጋጂቱ ደግሞ «ምግቤን አልወደደውም» ብላ ታዝናለች። ልብ በሉ፤ ሁለቱም አንዱ ሌላውን አክብሯል። እርስዋ ቃሉን አመነች፤ እርሱም ደግነትዋን ላለመሻማት ተቆጠበ። በባዕድ ሀገር ከሚደርሱት ቅያሜዎች ብዙዎቹ የሚወለዱት እንደዚህ ካለ ከሁለት አክብሮት ግጭት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ጋር የጾም ነገር ይነሳል። እኛ በግዕዝ ሥርዓት የምንጾመውን ጾም የሌላው ሀገር ክርስቲያን ላያውቀው ይችላል፤ የተማሪዎች ምግብ ቤትም አያውቀውም። አንዳንዱ ልጅ ይህን ሲያይ ጾሙን ፈጽሞ ይተዋል፤ ሌላው በዝምታ በደረቅ ዳቦ ይሰነብትና ይታመማል። ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን ንጉሥ ቤት ለትምህርት በተመረጠ ጊዜ ያደረገው ለሁለቱም ትምህርት ይሆናል። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1 እንደሚነበበው፣ አለቃውን በትሕትና ጠየቀ፣ የአሥር ቀን ሙከራም ለመነ፤ ሳይጣላም ሳይደበቅም ፈቃድ አገኘ። ብዙ ልጆቻችን የሚቸገሩት መጠየቅ ነውር ስለሚመስላቸው ነው።

በክፍል ውስጥም ሌላ ችግር አለ። ታላቅን በዓይን አለማፍጠጥና ሳይጠየቁ አለመናገር እዚህ የጨዋ ልጅ ምልክት ነው። እዚያ ግን ዝም ያለ ተማሪ እንዳልተዘጋጀ ይቆጠራል። (ባህላችን ክርክርን አያውቅም የሚሉትን ግን አልቀበልም፤ ቅኔ ቤት ገብቶ ያየ ሰው ደቀ መዝሙሩ በመምህሩ ፊት ስንት ጊዜ እንደሚፈተንና እንደሚሟገት ያውቃል።) ይበልጥ ከባዱ የጽሑፍ ሥራ ነው። በእኛ የቤተ ክህነት ትምህርት የመምህሩን ቃል ሳያጎድሉ መያዝና መመለስ ክብር ነው። በዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ የሌላውን ሰው ቃል ምንጩን ሳይጠቅሱ ማስገባት እንደ ስርቆት ይቆጠራል፤ ከትምህርት ቤት እስከ መባረርም ያደርሳል። ቃሉን ስለ አከበረ የደገመ ልጅ ሌባ ሲባል የሚሰማውን ገምቱ። ስለዚህ ይህ ነገር አስቀድሞ፣ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ብርዱንስ? የእንጦጦን የሐምሌ ብርድ የቀመሰ ልጅ «ብርድ አውቃለሁ» ይላል። ብርዱን በካፖርት ይችለዋል፤ የማይችለው ጨለማውን ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የቀኗ ርዝመት በዓመቱ ውስጥ እምብዛም አይለዋወጥም። በሮም ግን በታኅሣሥ ወር ቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት ጥቂት ብቻ ያልፋል፤ በሰሜን ጀርመንና ከዚያም ባሻገር ከዚህ ያጥራል። ጠዋት በጨለማ ወጥቶ ማታ በጨለማ የሚመለስ ልጅ ያለ ምክንያት ቢከፋውና እንቅልፍ ቢያጣ ጸሎቱ ስለ ቀነሰ ነው ብሎ የሚገሥጸው ሰው ይገኛል። ይህ ትክክል አይደለም። የብርሃን ማነስ በሰው ስሜት ላይ የሚያደርሰው ጫና በሕክምና የታወቀ ነው። ቀን ቀን መውጣት፣ መራመድና ሲከብድም ሐኪም ማማከር የእምነት ማነስ ምልክት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

መርዶ

አንድ ነገር ለብቻው መነሣት አለበት። ልጁ በሄደበት አባቱ ወይም እናቱ ሊያርፉ ይችላሉ። በሀገራችን መርዶ የራሱ ሥርዓት አለው። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ አጠገብ ቆሞ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ጎረቤት ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ያስተዛዝናል። በሰው ሀገር ያለው ልጅ ከዚህ ሁሉ አንዱም የለውም። ስለዚህም ቤተሰብ ለልጁ በማሰብ «ፈተናውን ይጨርስ» እያለ ለወራት ይደብቃል። እናቱ ለምን ስልክ እንደማታነሳ ሲጠይቅ «ጠበል ሄዳለች» ይባላል። በመጨረሻም የማያውቀው ሰው በፌስቡክ ላይ ፎቶግራፏን «ነፍስ ይማር» ከሚል ጽሑፍ ጋር ያወጣና ልጁ በአውቶቡስ ውስጥ እንዳለ ያየዋል።

ይህ በእውነት የደረሰ ነገር ነው፤ የደረሰባቸውንም ወጣቶች በካህንነቴ አግኝቻለሁ። ከኀዘኑ ይልቅ የጎዳቸው መታለላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ከቤት የሚነገራቸውን መልካም ዜና እንኳ ማመን አቅቷቸዋል። እንደ እኔ አስተያየት መፍትሔው ያው የጥንቱ ሥርዓታችን ነው። ልጁ ባለበት ከተማ ያለ ካህን፣ የሀገር ልጅ ወይም ወዳጅ አስቀድሞ ይፈለግ፤ በአካል ሄዶ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ይንገረው፤ ቢቻል ሁለት ሦስት ቀን ከእርሱ ጋር ይሰንብት። ለዚህም ልጁ ከመሄዱ በፊት «እዚያ ማንን እንጥራ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት። የአንድ ሰው ስምና የስልክ ቁጥር በወላጆች እጅ መኖሩ ከአምስት ኪሎ ሽሮ ይበልጣል።

ከእኛ በፊት የሄዱት

ኢትዮጵያውያን ወደ ሮም መመላለስ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ የሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንና በአጠገቡ ያለው ቤት የኢትዮጵያውያን መነኮሳትና መንፈሳውያን ተጓዦች ማረፊያ ሆኖ ነበር። ይህ ቤት ባይኖር ኖሮ ቀጥሎ የምንተርከው ሁሉ ባልሆነ ነበር።

በዚያ ከኖሩት አንዱ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው። በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳን በግዕዝ በሮም የታተመው በእርሳቸው ድካም ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ኅትመቱ ስሕተት አንባቢውን ይቅርታ ሲለምኑ ምክንያቱን ገልጠዋል። አታሚዎቹ ፊደላችንን ማንበብ አይችሉም ነበር፤ አባቶቻችንም የኅትመትን ጥበብ አያውቁም ነበር። ሁለቱ ወገኖች በየበኩላቸው የጎደላቸውን ይዘው፣ እየተደናበሩም ቢሆን፣ አንዱ ሌላውን መርቶ ሥራውን ጨረሱ። የባዕድ ሀገር ትምህርት ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁለትም። የሄደው ሰው የሚያስፈልገው ነገር አለ፤ ግን ባዶ እጁን አልሄደም።

ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያው ቤት ሌላ ሰው እናገኛለን። አባ ጎርጎርዮስ የአምሐራ መካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ካቶሊካውያን ሚስዮናውያን ሲባረሩ እርሳቸውም ሀገራቸውን ለቀው ወደ ሕንድ ሄዱ፤ ከዚያም ወደ ሮም መጡ። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ የ25 ዓመት ጀርመናዊ ሊቅ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት አገኛቸው። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ተምሮ ነበርና በጽሑፍ ይረዳል፤ በቃል ግን መግባባት አስቸገራቸው። እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ የአባቱ ወገን ፖርቱጋላዊ የሆነ አንቶንዮ ደ አንድራዴ የተባለ ሰው እስኪላመዱ ድረስ ረዳቸው።

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት በሉዶልፍ አማካይነት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን ጋበዛቸው። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ካህን የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው፣ ቋንቋውን ወደማያውቁት፣ ሃይማኖቱም የሉተር ተከታይ ወደ ሆነ ቤተ መንግሥት ሄዱ። በዚያም ስለ ሀገራቸው ታሪክ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ስለ ግዕዝና ስለ አማርኛ የተጠየቁትን ሁሉ መለሱ። ክረምቱ ሳይገባ በመስከረም ወር ተመለሱ። ከዚያም በኋላ ከሉዶልፍ ጋር በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር፤ ደብዳቤዎቹም እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ያወጣቸው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በአብዛኛው የአባ ጎርጎርዮስ ትምህርት ፍሬዎች ናቸው።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ይህ ነው። አባ ጎርጎርዮስ በጎታ እንግዳ ነበሩ፤ ነገር ግን መምህርም ነበሩ። የሚጠየቁት ነገር ነበራቸው። አንድ ሰው በባዕድ ሀገር በጣም የሚያንሰው ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ ሲሆን ነው። ሀገሩን፣ ቋንቋውንና የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት የሚያውቅ ተማሪ ሲጠየቅ የሚሰጠው አለው፤ ያን ቀን ቀና ብሎ ይሄዳል። ስለ ቅዳሴያችን፣ ስለ ዘመን አቆጣጠራችን፣ ስለ ፊደላችን ምንም ሳያውቅ የሄደ ልጅ ግን በመጀመሪያው ጥያቄ ያፍራል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ይህ የእናንተ ድርሻ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ወደ ሀገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በ1658 በእስክንድሩና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ አረፉ።

የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤት በ1919 ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 15ኛ የኢትዮጵያውያን ኮሌጅ አደረጉት፤ ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛም በቫቲካን የአትክልት ስፍራ ውስጥ አዲስ ሕንጻ አሠርተው ተማሪዎቹ በ1930 ገቡበት።

ቤት ያጣውን ደግሞ እንይ። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በ1868 ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በፈቃዱ የሄደ ተማሪ አልነበረም፤ እናቱም በመንገድ ላይ ዐረፉ። መጀመሪያ አማርኛ የሚያውቅ ስፒዲ የተባለ መኮንን ያሳድገው ነበርና ከእርሱ ጋር ተጣበቀ። በኋላ ግን መንግሥት ከዚህ ሰው ለይቶ ወደ ታዋቂ ትምህርት ቤቶች፣ ወደ ራግቢና ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት አስገባው። በዚያም ደስታ አላገኘም። በኅዳር 1879 በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ታሞ ሞተ፤ በዊንድዘር ተቀበረ። የምግብ፣ የልብስም ሆነ የትምህርት ችግር አልነበረበትም፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ታስብለት ነበር። የጎደለው በቋንቋው የሚያናግረውና «የእኔ ነው» የሚለው ሰው ነበር። ዐፅሙ ወደ ሀገሩ እንዲመለስ ኢትዮጵያ ብትጠይቅም የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም።

ከዚያው ከመቅደላ በሕፃንነቱ የተወሰደ ሌላ ልጅ በሕንድ አድጎ ሐኪም ሆነ፤ ስሙም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ከዐድዋ ድል በኋላ ሀገሩን ፈልጎ ሲመጣ ዘመዶቹ ለይተው አወቁት፤ ወርቅነህ እሸቴ የሚለውንም ስሙን መለሱለት። የእናቱን ቋንቋ ግን እንደ እንግዳ እንደገና መማር ነበረበት። ሐኪም ወርቅነህ በኋላ በሀገራችን ትምህርት ቤት በማቋቋምና በለንደን ኢትዮጵያን በመወከል ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። መመለስም እንደ መሄድ ሁሉ መላመድን እንደሚጠይቅ ታሪካቸው ያስታውሰናል። በሌላ ጊዜ በሰፊው የምንመለስበት ይሆናል።

ከኢየሩሳሌም የተላከ ደብዳቤ

በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 29 ከሀገር ቤት ወደ ስደተኞች የተላከ ደብዳቤ እናገኛለን። ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም ብዙ ሰዎችን ማርኮ ወደ ባቢሎን ወስዶ ነበር። በሀገር ቤት የነበሩ ሐሰተኞች ነቢያት፣ በምዕራፍ 28 ላይ እንደምናነበው፣ «በሁለት ዓመት ሁሉም ይመለሳል» የሚል መልካም የሚመስል ቃል ይናገሩ ነበር። ኤርምያስ ግን በመልእክተኞች እጅ ሌላ ነገር ጻፈ። ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ፣ ተክል ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፣ ልጆች እንዲወልዱ፣ በተሰደዱባት ከተማ ላይ ሰላም እንዲሆን እንዲጸልዩ፤ የመመለሻውም ጊዜ ረጅም እንደሆነ አስታወቃቸው።

ተማሪ ምርኮኛ አይደለም፤ ዘመኑም እንደ እነዚያ ሰባ ዓመት አይሆንም። ሆኖም ደብዳቤውን በዚህ ዓይን ስናነበው የሚያስገርሙን ነገሮች አሉ። ኤርምያስ አልዋሻቸውም። ያሉበትን ስፍራ እንዲጠሉም አላደረጋቸውም፤ የሚኖሩባት የአሕዛብ ከተማ ደኅና ስትሆን እነርሱም ደኅና እንደሚሆኑ ነገራቸው። ደግሞም ከእነርሱ ምንም አልጠየቀም። ባቢሎን ባለጸጋ ሀገር ነበረች፤ ኢየሩሳሌምም ተቸግራ ነበር። ደብዳቤው ግን ስለ ላኩልን አያወራም።

የእኛስ መልእክት እንዴት ያለ ነው? ጸጋው ስለ በዛልን ዛሬ ደብዳቤ ወር አይፈጅም፤ በቴሌግራም ፊት ለፊት እየተያየን እንነጋገራለን። የምንለው ግን ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ «እንዴት ነህ? ወፈርክ! ፎቶ ላክ። ያችን ነገር አልላክህልንም እኮ።» ልጁ የሚያገኘው የተማሪ ድጎማ ለቤት ኪራይና ለምግብ ብቻ የተመጠነ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ግን «ልጃቸው ውጭ ነው» ይላል፤ ያ ስም የሚጠይቀው ክብር አለ። ስለዚህ ልጁ ከንባብ ሰዓቱ ቀንሶ ሌሊት ሳህን ያጥባል፤ በሐውልት ፊት ቆሞም የሳቀ ፎቶግራፍ ይልካል። ያ ፎቶግራፍ በሲግናል ባለ ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከዚያ በኋላ «ከፍቶኛል፤ አንድ ትምህርት ወደቅሁ» ብሎ መናገር እንዴት ይቻለዋል? የተሰቀለውን ፎቶ ማውረድ ይሆንበታል።

ከእኔ ጋር ከተማሩት መካከል አንዱ ሁለት ዓመት ሙሉ ለቤተሰቡ ደኅና ነኝ ሲል ቆይቶ፣ አንድ ቀን እናቱ «ልጄ፣ የበላኸውን ሳይሆን ከማን ጋር እንደበላህ ንገረኝ» አሉት። ማንበብ የማይችሉ ሴት ነበሩ። እርሱም ዝም አለ፤ ቀጥሎም አለቀሰ፤ ከዚያም ሁሉን ነገራቸው። ያን ዓመት ትምህርቱን ትቶ ሊመለስ ወስኖ እንደነበር የነገረኝ በኋላ ነው። አልተመለሰም፤ ጨረሰ።

በዚህ ምክንያት በየቁምስናው አንድ ልማድ ቢጀመር መልካም ነው እላለሁ። የሚሄድ ወጣት ሲኖር ከሽኝቱ ግብዣ በፊት አንድ ማታ ቤተሰቡ፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩና ቢቻል ውጭ ተምሮ የተመለሰ አንድ ሰው አብረው ይቀመጡ። ስሙ በወረቀቶቹ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ይታይ። ሲጋበዝ በመጀመሪያው ጥያቄ «አዎን» ማለት ነውር አለመሆኑ ይነገረው። የገንዘቡም ነገር በግልጽ ይነሣ፤ አባት «እስክትጨርስ ከአንተ ምንም አንጠብቅም» ቢሉት፣ ያውም በዘመድ ፊት ቢሉት፣ ከባድ ሸክም ያወርዱለታል። የሚሄድበት ከተማ ቤተ ክርስቲያን አድራሻ ይፈለግ። በዚያ የሀገር ልጆች ማኅበር ቢኖር መልካም ነው፤ ነገር ግን ከእነርሱ ጋር ብቻ የሚኖር ተማሪ ዓመታት ቆይቶ ቋንቋውን ሳያውቅ እንደሚመለስም ይነገረው። አባ ጎርጎርዮስ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ባይኖሩ በሮም ማረፊያ ባጡ ነበር፤ ከቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ባይወጡ ደግሞ ጎታን ባላዩ ነበር።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ጥናት ከወጣቶችና ከወላጆች ጋር በምትወያዩበት ጊዜ ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 28ንና 29ን አስቀድማችሁ አንብቡ። ከዚያም እነዚህን ጠይቁ። ከእኛ ቁምስና ዛሬ በውጭ ሀገር የሚማሩት እነማን ናቸው? ስማቸውን በቅዳሴ ጸሎት የምናስበው የትኞቹን ነው? ባለፈው ወር ስንደውልላቸው የመጀመሪያው ጥያቄያችን ምን ነበር? በየከተማቸውስ፣ ክፉ ወሬ ቢመጣ፣ በራቸውን የሚያንኳኳላቸው ሰው ማን ነው?